በጉባኤ ቤት ማን ገደለ?

ወጣቱ፦ የኔታ፣ አንድ ልብ ወለድ አስቤያለሁ። ቦታው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ነው። ጊዜው ነሐሴ፤ ወንዙ ሞልቷል፣ ወዲያም ወዲህም መሻገር የለም። ድጓ ሊያስመሰክሩ የመጡ ተማሪዎች አሉ። ሁለቱ በቅኔ ይፎካከራሉ፤ «ዓይንህን ላፈር» ከተባባሉ ቆይተዋል። አንድ ቀን ጠዋት አንደኛው ጎጆው ውስጥ ሞቶ ይገኛል።

መሪጌታው፦ ይኼ ምን ልብ ወለድ አለው? ስንቱ ተማሪ በተስቦ ጎጆው ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል! ጓደኞቹ ይቀብሩታል፤ ለእናቱ ወሬው የሚደርሳት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ወጣቱ፦ የኔው ተገድሎ ነው። ደግሞም አሁን ያሉት ነገር ለገዳዩ የተመቸ ነው። ተማሪ ሞተ ሲባል «በምን ሞተ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

መሪጌታው፦ እግዚኦ! ሰው ዜማ ሊማር ሄዶ ነፍስ ያጠፋል? ይህን ከየት አመጣኸው?

ወጣቱ፦ የወንጀል ልብ ወለድ የሚጽፉት የታወቀ ዘዴ አላቸው። አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመችው መጽሐፍ አሥር ሰዎችን ደሴት ላይ ትሰበስባለች። ከውጭ የሚገባ የለም፣ ከውስጥ የሚወጣ የለም። አንድ በአንድ ሲሞቱ ገዳዩ ከመካከላቸው መሆኑ ግልጽ ይሆናል፤ አንባቢውም አብሮ ይጠረጥራል። ተሰብሳቢዎቹ ደራሲዎች ሲሆኑ ደግሞ ነገሩ ይብስበታል። ሁሉም አሳምሮ መዋሸት ያውቃል፤ ሁሉም የሌላው መጽሐፍ ተወደሰ ሲባል ሆዱ ይቆስላል።

መሪጌታው፦ ደራሲ በሆቴል ይሰብስቡ እንጂ ቤተ ልሔም ምን አገባው?

ወጣቱ፦ ገዳም ውስጥም ተሠርቷል። ኡምቤርቶ ኤኮ የሚባል ጣሊያናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ልብ ወለድ በ1327 በአንድ ገዳም የሚፈጸም ነው። መነኮሳቱ የሚሞቱት ስለ አንድ መጽሐፍ ነው፤ አሪስቶትል ስለ ሣቅ ጽፎት ነበር ስለሚባለውና ስለጠፋው። ገጾቹ ተመርዘዋል። አንባቢው ጣቱን በምራቁ እያራሰ ሲገልጥ መርዙን ይልሳል።

መሪጌታው፦ እኔ አላነበብሁትም፤ አሁንማ አንተው ጨረስክልኝ። እሺ፣ እነሱ ተሳካላቸው እንበል። ቤተ ልሔም ግን ደሴት አይደለም። ተማሪው ከጎጃም ይመጣል፣ ከወሎ ይመጣል፣ ከሸዋ ይመጣል። ድጓን በያለበት ቢማርም ምስክር ሆኖ ለመውጣት የሚሄደው እዚያ ነው። እንደ አበው አነጋገር ግራኝ አገሩን ባቃጠለ ጊዜ የተረፈው ድጓ የተገኘው በቤተ ልሔም ነው። ምስክርነቱም ከዚያ የመጣ ነው ይላሉ። ሰው ሁሉ የሚጎርፍበትን ቤት ዘግተህ ሬሳ ታስቀምጥበታለህ?

ወጣቱ፦ ሕንፃውን ራሱን ይመልከቱት። አራት ማዕዘኑ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በክቡ ሕንፃ ውስጥ ተሰውሯል። ከደጅ ላየው ሰው እንደማንኛውም የገጠር ደብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ እዚያ ደርሶ ውስጥ ያለውን የተጠረበ ድንጋይ ሲያይ ደነገጠ፤ በኋላም ስለ ራሴላስ ተራሮች በጻፈው መጽሐፍ አወጣው። ቤት በቤት ውስጥ! ከዚህ የበለጠ ለምሥጢር የተሠራ ቦታ የት አለ?

መሪጌታው፦ ፈረንጁ ደነገጠ እንጂ እኛ መች ደነገጥን። ለእኛ ቅድስት ነው፣ መቅደስ ነው፤ ማን የት እንደሚቆም የታወቀ ነው። ያልኩህ ግን ሌላ ነው። ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። ለምዱን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የየትኛው ቤት ውሻ እንደሚናከስ እሱ ያውቃል፤ የትኛው ተማሪ እንደሚያፍር፣ የትኛው እንደሚዋሽ ደግሞ ባለቤቷ ታውቃለች። በእንዲህ ያለ አገር ምን ይደበቃል? የአንተ መጽሐፍ በሁለተኛው ገጽ ያልቃል።

ወጣቱ፦ የምታውቅ ሴት ካለች መርማሪዬን አገኘሁ ማለት ነው። ክሪስቲም ብትሆን ሚስ ማርፕል የምትባል አሮጊት አለቻት። ሥራዋ መርማሪነት አይደለም፤ መንደሯን ማወቅ ነው። እርስዎ ያሏት ሴትዮ ቁራሽ ስትሰጥ ሁሉንም ታያለች። ዛሬ ማን አልመጣም? ማን የሁለት ሰው ለመነ? ማን ጭቃው ከወንዝ ማዶ የሆነ እግር ይዞ ደጇ ቆመ?

መሪጌታው፦ እሷንስ እሺ። ባላንጣ ደራሲ ያልከው ነው የማይዋጥልኝ። ድጓ የቅዱስ ያሬድ ነው። ግዕዙም፣ ዕዝሉም፣ አራራዩም የሱ ነው። ምልክቱን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አበጁት ይባላል፤ እነሱም ቢሆኑ ዜማውን የእኛ ነው አላሉም። ተማሪው ድጓውን በእጁ ጽፎ ይማራል፤ ግን ጸሐፊ እንጂ ደራሲ አይደለም። ከራሱ አንዲት ቃል ቢጨምር ይታረማል። መምህሩ ይመራል፣ እሱ ይቀበላል፤ ሲስት ይመልሱታል። ሁሉም የሚሮጠው ወደ አንድ ቃል ነው። ስሙን በሽፋን ላይ የሚያወጣ በሌለበት ማን በማን ይቀናል?

ወጣቱ፦ ቤተ ልሔምና ቆማ ግን ይፎካከራሉ። አጫብር አለ፣ ተጉለት አለ።

መሪጌታው፦ የቤት ክርክር ነው። «እንዲህ ነው የተቀበልነው» ይባባላል እንጂ «እኔ ደረስሁት» የሚል የለም። ይህ አይነቱ ክርክር ጉሮሮ ያደርቃል፤ ደም አያፈስም።

ወጣቱ፦ ቅኔውስ? ቅኔ የያሬድ አይደለም፤ የባለቤቱ ነው። በየበዓሉ አዲስ መሆን አለበት፤ የአምናውን የደገመ ይታፈርበታል። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ እየተባለ በቤት በቤቱ ይመዘናል። ድጓ የሚያስመሰክረውም ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ቅኔ ቤት አልፎ የመጣ ነው። ማኅሌት ላይ አንዱ ተቀኝቶ ሊቃውንቱ ሲያደንቁት የሌላውን ፊት አይተው አያውቁም?

መሪጌታው፦ አይቻለሁ። ቅናት የለም አላልሁህም፤ ቅናቱ መውጫ አለው ነው የምልህ። አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው ናቸው፤ ቀልዳቸውን ሁሉም ይናገራል፣ አቋቋማቸውን ግን ጥቂቱ ነው የሚያውቅ። ጎንደር በዓታ ላይ አዲስ አቋቋም ቢያመጡ ካህናቱ አንቀበልም አሏቸው። ያኔ ምን ሆነ? ሰው ተገደለ? ልጃቸው ተክሌ ተምሮት ደብረ ታቦር ወሰደው፤ እዚያ ተተከለ። ዛሬ የተክሌ አቋቋም እየተባለ በየደብሩ ይዘመማል። በእኛ ዘንድ ባላንጣ ሲበረታ ደብር ይቀየራል። አገሩ ሰፊ ነው፤ እግር አለ፣ ስንቅ ባይኖር ልመና አለ። ያንተ ገዳይ ለምን አኮፋዳውን አንሥቶ አይሄድም?

ወጣቱ፦ ወንዙ ሞልቶበት!

መሪጌታው፦ ወንዙ በመስከረም ይጎድላል። አንድ ወር መታገሥ ያቃተው ሰው ድጓ የተማረ አይደለም።

ወጣቱ፦ እንግዲያው ምክንያቱን ላጥብቅልዎ። አንደኛው ለደብረ ታቦር በዓል የሚሆን ቅኔ ይቆጥራል። ጫካ ገብቶ፣ ብቻውን፣ ከዛፍ ሥር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሳያውቀው ድምፁ ይወጣል። ሌላው ከቁጥቋጦው ወዲያ ተቀምጦ ይሰማል። በበዓሉ ዕለት ሰሚው ቀድሞ ይዘርፈዋል፤ ጉባኤው ይደነቃል። ባለቤቱ ደግሞ ምን ማድረግ ይችላል? ቢናገር ማስረጃ የለው። ወረቀት የለ፣ ብራና የለ። ያንኑ ቅኔ ቢያሰማ ደግሞ ሌባው እሱ ይሆናል። ጭንቅላት ውስጥ የነበረ ነገር ተሰርቆ ማን ዳኛ ይፈርዳል? በነጋታው አንደኛው ሞቶ ተገኘ።

መሪጌታው፦ የትኛው?

ወጣቱ፦ ሌባው። የተሰረቀው ገደለው።

መሪጌታው፦ አላወቅህበትም።

ወጣቱ፦ እንዴት?

መሪጌታው፦ የተሰረቀው ለምን ይገድላል? ነገ ጫካ ገብቶ ሌላ ይቆጥራል። ምንጩ እሱ ዘንድ ነው። ይናደዳል፣ ይሰድበው ይሆናል፣ በሚቀጥለው በዓል የሌባውን ስም አግብቶ በቅኔ ያበሻቅጠዋል። የሚፈራው ሌባው ነው። ሰው ሁሉ አደነቀው፤ ለሚመጣው በዓል ደግሞ ሌላ ይጠብቁበታል። ከየት ያመጣል? ባለቤቱ በሕይወት እስካለ ድረስ እያንዳንዱ በዓል ለሱ የፍርድ ቀን ነው። ይገድላል ካልህ የሚገድለው የሰረቀው ነው።

ወጣቱ፦ የኔታ! ይኸው እኮ ጻፉልኝ!

መሪጌታው፦ አልጻፍሁልህም። ስሕተትህን አረምሁ። በምን ይገድለው ነበር ባንተ ቤት?

ወጣቱ፦ በአብሾ። የቅኔ ተማሪ አእምሮ ይከፍታል ብሎ አብሾ ይጠጣል ይባላል። አስተናግር እንደሆነ አንብቤያለሁ፤ መጠኑ ከበዛ ያሳብዳል፣ ይገድላልም። ራሱ አብዝቶ ጠጣ ይባልና ነገሩ ይዘጋል።

መሪጌታው፦ ይኸው፣ ሆዴ ሲፈራ የነበረው መጣ። በልብ ወለዱ ሁሉ ደብተራ ማን ነው? ሥር ማሽ፣ ድግምተኛ፣ መስተፋቅር ሻጭ። ሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህን የመሰለ ሰው ስላስቀመጡልን አመሰግናቸዋለሁ፤ ከሳቸው ወዲያ ብዙው ጸሐፊ ደብተራን የሚያውቀው በከረጢቱ ነው። ይስማዕከ ወርቁም በዴርቶጋዳ የጣናን ገዳማት የምሥጢር መናኸሪያ አደረጋቸውና ወጣቱ ተሻማበት፤ በ2001 የወጣ መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል። እሱስ ቢያንስ ጥበብ አለበት ብሎ ነው። አንተ ግን ከዚያ ሁሉ ጎጆ፣ ከዚያ ሁሉ ጾምና ሌሊት መርዙን መርጠህ አወጣህ። ያን መጽሐፍ አንብቦ ልጁን ወደ ጉባኤ ቤት የሚልክ አባት ይኖራል?

ወጣቱ፦ ያሉት ልክ ነው፣ ስለዚህም መርዙን የተሳሳተው መንገድ አደርገዋለሁ። ከወረዳ ፖሊስ ይመጣል። በአንድ ሽማግሌ ደብተራ ጎጆ ሥራሥር ያገኛል፤ ሳይጠይቅ ያስራል። አንባቢውም እንደ ፖሊሱ «እሱ ነው» ይላል፤ ምክንያቱም ስለ ደብተራ የሰማው ሁሉ እንደዚያ ነው። መጽሐፉ የሚያሳፍረው ያን አንባቢ ነው።

መሪጌታው፦ እስኪያፍር ድረስ ግን ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ደብተራውን እንደ ነፍሰ ገዳይ ያየዋል። ማፈሩን ይረሳል፤ ሥራሥሩን አይረሳም።

ወጣቱ፦ በዚያ ከሄድን ምንም መጻፍ አይቻልም።

መሪጌታው፦ ይቻላል። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማን ትዝታ ተቀብለው መጽሐፈ ትዝታ ብለው አሳተሙት። እዚያ ውስጥ የተማሪ ቤቱ ሁሉ አለ፤ ረሃቡ፣ ተንኮሉ፣ ጥሉ፣ ሣቁ። ሰው መግደል ሳያስፈልግ ይነበባል። አሁን ግን የባሰውን ልንገርህ። በአሉ ግርማን ታውቀዋለህ?

ወጣቱ፦ እሱን የማያውቅ ማን አለ።

መሪጌታው፦ ኦሮማይ በ1975 ታተመ፤ ከገበያ ተለቀመ፤ ሰውየው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ማታ ከቤቱ ወጣ። መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ቆማ ተገኘች፤ እሱ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እንግዲህ ይህ የደራሲ ሞት የኛው ነው። ደሴት ነበር? ወንዝ ሞልቶ ነበር? አዲስ አበባ ላይ ነው፤ መብራትና ስልክ ባለበት ከተማ። ባላንጣ ደራሲ ነው የወሰደው? ሕዝቡ ጣቱን የሚቀስረው በደርግ ደኅንነት ላይ ነው። አንተ ደግሞ ምን ልትል ነው? ደራሲን የሚገድለው የሌላ ደራሲ ቅናት ነው ልትል ነው። ገዳዮቹ ቢያነቡት ደስ ይላቸዋል። ጥፋቱን ከነሱ አንሥተህ እርስ በርሳችን ላይ ጣልኸው።

ወጣቱ፦ ይህ ከባድ ነው።

መሪጌታው፦ ከባድ ነው። መልስ ካለህ በል።

ወጣቱ፦ አንድ ብቻ አለኝ። የበአሉ መኪና በተገኘች ጊዜ «ማታ የት ነበርህ?» ተብሎ በአደባባይ የተጠየቀ ባለሥልጣን አለ? የለም። የወንጀል ልብ ወለድ የሚያውቀው አንድ ሥርዓት ነው፤ ሁሉም ይጠየቃል። አለቃውም ይጠየቃል፣ ዳኛውም ይጠየቃል፣ ሬሳውን ያጠበውም ይጠየቃል። «እኔማ እንዴት እጠየቃለሁ» ያለ ሰው ወዲያው ይጠረጠራል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በብዛት ያነበበ ሰው ዝም ሲባል ዝም አይልም ብዬ አምናለሁ። ገዳዩ ተማሪ ቢሆንም፣ ባለሥልጣን ቢሆንም።

መሪጌታው፦ ወይም ይተኛል። ያንተ መጽሐፍ በመጨረሻው ገጽ ገዳዩን ይሰጠዋል፤ ከደኖ ያስቀምጠዋል። የበአሉን ልጆች ማን ከድኖ አስተኛቸው? አንባቢህ መልስ መብላት ይለምድና ያልተመለሰውን ይረሳል።

ወጣቱ፦ እሱን አላውቅም፤ የኔታ። መጨረሻውን እንዴት እንደማደርገው ገና አልወሰንሁም።

መሪጌታው፦ ካልወሰንህ ወንጀለኛውን በምን ልትይዘው አስበህ ነበር?

ወጣቱ፦ በድጓው። ሟቹ ድጓውን በእጁ ጽፏል፤ በመጨረሻው ቅጠል ስሙ አለ፣ የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ቃልም አለ። ገዳዩ ድጓውን ይወስዳል፤ ስሙን በቢላዋ ፍቆ የራሱን ይጽፋል። በብዙ ብራና ላይ የምናየው ነገር ነው። ብራናው ወደ ብርሃን ሲያዝ የተፋቀው ይሣሣል፤ የጥንቱ ቀለም ጥላው ይታያል።

መሪጌታው፦ ይህማ ሕፃንም ያውቀዋል። ስሙን ያለ ተንኮል የሚፍቅ ብዙ አለ፤ የገዛ፣ የወረሰ። ሌላ?

ወጣቱ፦ ሌላው ምልክቱ ነው። ሟቹ ይዘቷን የሚያኖርበት የራሱ ልማድ አለው። ሁለቱ በተለያየ ቤት ነው የተማሩት፤ አንድ ቦታ ላይ ሟቹ ይዘት አለበት ይላል፣ ገዳዩ የለበትም ይላል። ድጓው ላይ ይዘቷ አለች። እንግዲህ የማን እጅ እንደጻፈው ታወቀ።

መሪጌታው፦ ይዘት ነጥብ ናት። ከዚህ በጭስ ከጠቆረ ጎጆ ውስጥ የነበረ ብራና እየገለጥህ ነጥብ ትፈልጋለህ? የዝንብ ኩስም ነጥብ ነው። ስንት ጊዜ ተማሪ የዝንብ ኩስ አይቶ ይዞ ይዘምርና ጉባኤው በሣቅ ይሞታል! አንባቢህ ይዘቷን ከዝንብ ኩስ በምን ይለየዋል?

ወጣቱ፦ ይህን ነገር የወንጀል ልብ ወለድ ሰዎችም ይሉታል። ሮናልድ ኖክስ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1929 አሥር ሕግ አውጥቷል፤ ከሕጎቹ አንዱ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ እንዳይደብቅ ያዝዛል።

መሪጌታው፦ የምን ሰው ነው?

ወጣቱ፦ ቄስ ነበር፤ ካቶሊክ።

መሪጌታው፦ ቄስ! አየህ፣ ሕጉን ያወጣው የኛው ብጤ ነው። በሱው ሕግ እንግዲህ ወድቀሃል። ይዘት መሆኗ የሚታወቀው ሲዜም ነው። ድምፁ በዚያ ፊደል ላይ ሲያዝ፣ ጆሮ ያን ሲሰማ። መጽሐፍህ ዲዳ ነው። አንባቢው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ያነባል፤ ዜማው አይሰማውም። ፍንጩን ሰጠሁት ብለህ ታስባለህ፤ የሰጠኸው ነጥብ ነው። ይህን ደግሞ ወረቀት ላይ የሚጻፍ መልስ የለውም።

ወጣቱ፦ አንባቢው ባይሰማ የሚሰማ ሰው ላስቀምጥ። ያቺን ሴትዮ።

መሪጌታው፦ ቁራሽ የምትሰጠዋን?

ወጣቱ፦ ቤቷ ከጉባኤ ቤቱ አጥር አጠገብ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሌሊት ሲዜም ሰምታለች። ፊደል አልቆጠረችም። ሟቹ ያቺን ቦታ ሲይዝ፣ ሌላው ሳይዝ ሲያልፍ እህል እየፈጨች ለይታ ታውቃለች። አሁን ገዳዩ በተሰረቀው ድጓ ፊት ቆሞ ሲያስመሰክር፣ ነጥቧን አይቶ፣ ግራ ተጋብቶ፣ ይይዛል። እሷ ከአጥር ማዶ ትሰማለች። ይህ ልጅ እንዲህ አይልም ነበር።

መሪጌታው፦ ይህስ… ይህ ሊሆን ይችላል። እናቴም ያልተማረችውን ምዕራፍ ስንስት ታርመን ነበር፤ ከምድጃ ሳትነሣ። ግን አንድ ነገር ጎደለህ። ፖሊሱ መሪጌታውን ይጠይቃል፣ አለቃውን ይጠይቃል፣ ተማሪዎቹን ይጠይቃል። እሷን ማን ይጠይቃታል?

ወጣቱ፦ ማንም። መጽሐፉ ሁለት መቶ ገጽ የሚፈጀውም ለዚሁ ነው።